ዶሮ የታቀፈችባት ጓንት

ቢቸና ውስጥ በሬ ተገዝቶ ቅርጫ ሲገባ አራጆቹ ወንዶች ናቸው፣ ቆራጮቹም ወንዶች ናቸው። መደቡ በቅጠል ላይ ተደርድሮ ሲያበቃ ግን «እስቲ እሳቸው ይዩት» ሳይባል ዕጣ ተጥሎ አያውቅም። እሳቸው የሚባሉት እኔ ነኝ። ሚዛን የለኝም፤ ዓይን አለኝ። ከዚህኛው መደብ ቆንጥሬ ወደዚያኛው አደርጋለሁ፣ ጉበቱን አስተካክላለሁ፣ ጮማ የበዛበት ላይ አጥንት እጨምራለሁ። አንድ ፋሲካ ዕጣው ከወጣ በኋላ የገዛ ወንድሜ መደብ ሥር መዳፍ የሚያህል ሻኛ ተሸሽጎ አገኘሁና አውጥቼ ለጎረቤት ሰጠሁ። ወንድሜ እስከሚቀጥለው ፋሲካ አላናገረኝም። አያናግረኝ። ያላግባብ የተበላ ስጋ ጥርስ መሃል ይቀራል።

ይህን የማወራችሁ ልመካ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልመካ ብዬ ነው። ዋናው ግን እንዲህ ያለ ዓይን ይዤ በአንዲት ጓንት እንዴት እንደተዋረድኩ እንዲገባችሁ ነው።

ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የቀሩት ኳሱን ለመቅለብ ይራወጣሉ። ይህ ጨዋታ በየከተማው ይለመድ ያሉ ሰዎች ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ቦርሳ ሙሉ መለማመጃ ዕቃ በአውቶቡስ ላኩ። ደብዳቤው «ለቢቸናና ለሞጣ ትምህርት ቤቶች፣ በእኩል» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። እኔ የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ነኝ፤ የልጅ ልጄ ብዙዬ ሰባተኛ ክፍል ናት። እናቷ ደጀን ሆቴል ስለምትሠራ የምታድገው እኔ ቤት ነው። ስለዚህ ቦርሳው ሲከፈት ነበርኩ።

የስፖርት መምህሩ ደሳለኝ ይባላል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቤዝቦልን ግን ያየው በስልኩ ብቻ ነው። ቦርሳውን እየጎረጎረ፣

«እማማ፣ ዕቃው የወረደው እኛ ጋ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልገንን እንምረጥ፤ የቀረውን ለሞጣ እንልካለን» አለኝ።

«እኛ ጋ የወረደው መንገዱ በእኛ ስለሚያልፍ ነው» አልኩት። «መንገድ ዳር ያለ አስቀድሞ ይምረጥ ከተባለ ደጀኖች ባዶ ቦርሳ በላኩልን ነበር። ሞጣ ይምጣና ዕጣ ይጣላል።»

«የስፖርት ዕቃ በዕጣ ይከፈላል እንዴ?»

«በሬን ያህል ነገር ይከፈል የለም?»

ሞጣዎች አያ ጫኔን ላኩ። አያ ጫኔ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙትም እሳቸው ናቸው። ረጅም ናቸው፣ እንደ ቆመ ጣውላ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው መጡና ሰላምታው እንዳለቀ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቦርሳው ከተከፈተ ስንት ቀን ሆነው?» የሚል ነበር። ወደድኳቸው። የሚጠረጥር ሰው ደስ ይለኛል።

በሉ እንግዲህ፣ ማካፈል ጀመርኩ። ኳሱ አስራ ሁለት ነው፤ ስድስት ስድስት። ዱላው አራት ነው፤ ሁለት ሁለት። እየረገጡ የሚሮጡባቸው አራት ነጫጭ ምንጣፎች አሉ፤ ሁለት ሁለት። እስከዚህ ቀላል ነበር። ቀጥሎ ኳስ ከላዩ ተቀምጦ የሚመታበት ዘንግ መጣ። አንድ ነው፤ ግን ከታች የሚቆምበት መቀመጫው ከዘንጉ ይነቀላል። ነቀልኩት። ዘንጉን ወደ አንዱ መደብ፣ መቀመጫውን ወደ ሌላው አደረግሁ።

ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልበው ልጅ እግሩን የሚሸፍንበት ጠንካራ ነገር አለ። ጥንድ ነው። አንዱን እግር ወዲህ፣ አንዱን እግር ወዲያ ሳደርግ መምህር ደሳለኝ እጄን ያዘኝ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የአንድ ሰው ሁለት እግር ነው።»

«ኩላሊትስ የአንድ በሬ አይደለም? ሁለቱንም ለአንድ ቤት የሰጠ ታውቃለህ?»

አያ ጫኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ናቸው» አሉ።

የኳስ ማገጃ መረቡ ላይ ስደርስ ቢላ አንስቼ ነበር። መምህሩ መረቡ ላይ በደረቱ ተኛ። ከተኛበት አልነሳም ስላለ መረቡን ሳልቆርጥ በአንድ ወገን አደረግሁና በአንጻሩ የፊት መሸፈኛውንና የደረት መከላከያውን አስቀመጥኩ። ጉበት የደረሰው ምላስ አይደርሰውም፤ እንደዚያ ነው።

የቀረው ጓንት ነው። ጓንቱ ሰፊ ቆዳ ነው፤ ልጁ በአንድ እጁ አጥልቆ ይቀልብበታል፣ በሌላ እጁ ይወረውራል። አስራ ሦስት ናቸው። እየለካሁ ሳይ አስራ ሁለቱ የግራ እጅ ሆኑ። አንዷ ብቻ ቀኝ እጅ ላይ ካልሆነ አትጠልቅም።

«ሰፊው ተሳስቶ ነው» አልኩ።

«ይመስለኛል» አለ መምህሩ።

ስድስት ስድስት አደረግሁና ጎደሎዋን በእጄ ይዤ መደቡን ዞርኩት። በአንደኛው መደብ ካሉት ኳሶች አንዱ ስፌቱ ተተርትሯል። ጎደሎዋን ጓንት ለዚያ መደብ መረቅኋት። ከዚያ አንድ የቅኔ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ጠራነው፤ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው ዕጣ መጣል ያለበት። እኔ የነጠላዬን መርፌ ቁልፍ፣ አያ ጫኔ አንድ ቁልፋቸውን ሰጡት። ጣለ። የእኔ መርፌ ቁልፍ መረቡ ላይ አረፈ። ጎደሎዋ ለሞጣ ወጣች።

አያ ጫኔ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ አሉ። የነገርኩትን መምህሩ ጻፈ፦ «ዕጣ ከወጣ በኋላ ይቀየርልን ወይም ይመለስልን የሚል ወገን የለም።» ሁለታችንም ፈረምን። ስፈርም ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ፤ መከራም ተጀመረ።

ዘንጉ መቀመጫ ስለሌለው አይቆምም። ሙቀጫዬን አውጥቼ ሰጠሁና ሙቀጫው ውስጥ በጨርቅ ጠቅጥቀው አቆሙት። ልጆቹ ኳሱን እየሳቱ ሙቀጫውን ሲደበድቡ አላስችል አለኝ። ዱላውን ተቀበልኩ። እኔ ሽምብራ ስወቃ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ የቆመ ኳስ ያቅተኛል? ኳሱ አልተነካም። ሙቀጫው ግን ተነስቶ ቁልቁለቱን ተንከባለለና ጎረቤቴ ባሰጣችው በርበሬ መሃል አልፎ ሄደ። በርበሬው ቦነነ። ቢቸና ሙሉ አስነጠሰ ብል ማጋነን ነው፤ ግማሹ ግን አስነጥሷል።

ምንጣፎቹም ሁለት ብቻ ናቸው። ልጆቹ ወደ አንዱ ሮጠው ወደ ሌላው ይመለሳሉ። መምህሩ በስልኩ እያሳየ «አራት መሆን ነበረባቸው፤ ልጁ ዞሮ ነው የሚገባ» ሲል አንዱ ተማሪ «ሦስተኛውን ለመርገጥ አውቶቡስ ተሳፍረን ሞጣ እንሂድ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ዋናው ጣጣ ግን ብዙዬ ነበረች። ብዙዬ ግራኝ ናት። ጫጩት ሊነጥቅ የመጣ ጭልፊት በግራ እጇ በወረወረችው ጠጠር ክንፉን መትታ መልሳዋለች፤ ያየ ጎረቤት አለ። ጓንቱ ግን ግራ እጇን ይይዝባታል። ለመወርወር የሚቀራት ቀኟ ነው፤ በቀኟ ስትወረውር ለዶሮ እህል የምትበትን ይመስላል። ጓንቱን አውልቃ በግራዋ ልወርውር ያለች እንደሆነ ደግሞ እስክታወልቅ ሯጩ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ቅዳሜ ሞጣ ላይ ሊጋጠሙ ተቀጣጠሩ። መምህር ደሳለኝ ዘጠኙን ተሰላፊዎች ጠራ። ብዙዬ የለችበትም።

«ብዙዬ ውሃ ትያዝልን» አለ።

ብዙዬ ስትናደድ አታለቅስም። ትጠርጋለች። ቤቱን ጠረገች፣ ደጁን ጠረገች፣ የጠረገችውን ጠረገች። ሳናግራት «እሺ እምዬ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። ሦስት ቀን ሲሆን የቤቴ ወለል ዝቅ ያለ መሰለኝ።

መምህሩን ለመውቀስ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሳልናገር ስልኩን ዘረጋልኝ።

«እማማ፣ ትናንት ነው ያየሁት። ግራኞች ጓንቱን ቀኝ እጃቸው ላይ ነው የሚያጠልቁ። ለእነሱ ተብሎ የሚሰፋ አለ ለካ።»

«እና የት ይገኛል?»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወደ ጫማውም አየ።

«አንድ ነበረችን እኮ» አለ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔም ግራኝ ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ግራ እጄን ከመቀነቴ ጋር አስረው «በቀኝ ጻፊ» አሉኝ። ሁለተኛ ክፍል ላይ እጄንም ትምህርቱንም ፈትቼ ወጣሁ። ፊርማዬ እንደ ሰከረ ሰው ዘመም የሚለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ይቺ ግራኝ አሮጊት ናት የግራኝን ጓንት «ሰፊው ተሳስቶ ነው» ብላ ለተተረተረ ኳስ ማካካሻ የመረቀች።

«ደውዬ ልጠይቃቸው?» አለ መምህሩ።

«የማንን ፊርማ ልታበላሽ?»

ቤቴ ገብቼ አገልግሌን አወረድኩ። ክዳኑ ቆዳ ለብሷል፣ ጎድጓዳ ነው፣ ኳስም ይይዛል። በአሮጌ የኮርቻ ጠፍር ማጥለቂያ ሰፋሁለትና ለብዙዬ በቀኝ እጇ አሰርኩላት። መምህሩ ኳስ ወረወረላት። ክዳኑ እንደ ከበሮ ጮኸ፣ ኳሱም ነጥሮ የመምህሩን ጉልበት አገኘ። ብዙዬ ክዳኑን ፈታች፣ አጣጥፋ ልታስቀምጠው ፈለገች፣ አልታጠፍ ሲላት ሰጠችኝ። መጥረጊያዋን አነሳች።

ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን። ዘጠኙ ተሰላፊዎች፣ መምህሩ፣ ብዙዬ ከውሃ ጀሪካኗ ጋር፣ እኔ የአገልግሌን ክዳን ታቅፌ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ባዶ እጅ መሄድ ደብሮኝ ይሆናል። ብዙዬ ከአጠገቤ ተቀምጣ ጉንደ ወይን እስክንደርስ በመስኮት ስታይ ነበር፤ ከጉንደ ወይን ሞጣ ድረስም እንደዚያው።

አያ ጫኔ በር ላይ ተቀበሉን። «እንደምን ከረሙ?» ተባባልን። ጓንቷን ልጠይቅ አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። በምትኩ «ዕቃው እንዴት እንደተያዘ ልይ» አልኩ። ዕቃ ቤቱን ከፈቱልኝ። ጥግ ላይ፣ ጭድ በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ፣ አንዲት ቀይ ዶሮ አበጥ ብላ ተቀምጣለች።

«አያ ጫኔ፣ ይህቺ ምንድን ናት?»

«ዶሮ ናት።»

«ከሥሯ ያለው?»

«እንቁላል ነው።»

«ከእንቁላሉ ሥር ያለውስ?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የደረሰን መደብ ነው» አሉ። «እጅ የሚገባባት አጣን። ዶሮዋ ግን ካየቻት ጀምሮ ሌላ ቦታ አልቀመጥ አለች።»

መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩና እጄን ከሥሯ ሰደድኩ። ስድስት እንቁላል ቆጠርኩ። ዶሮዋ ነቆረችኝ። መነጽሬን አውልቄ መደርደሪያው ላይ አደረግሁና እጄን አሸሁ።

«ስንት ቀን ቀራት?»

«ስምንት» አሉ፣ ጭዱን በእግራቸው እየገፉ። «የእናንተው... የእግር መከላከያው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ደህና ነው» አሉና ቁልፋቸውን አንቀጫቀጩ።

ወደ ሜዳው ስንወጣ ነገሩ ገባኝ። የሞጣዋ ቀላቢ ግራ እግሯ ላይ መከላከያ አድርጋለች፤ ቀኝ እግሯ ላይ የካርቶን ቁራጭ በገመድ ታስሯል። የኛ ቀላቢም ያው ነው፤ ካርቶኑ ብቻ በግራ ነው። የሞጣዎቹ መቀመጫ ላይ ከዘንግ ፋንታ ቀርከሃ ተሰክቷል። አያ ጫኔም እንደ እኔው ፈርመው፣ እንደ እኔው ምላሳቸውን ውጠው ከርመዋል።

ጨዋታው ተጀመረ። መጀመሪያ እኛ ነን ሜዳ የያዝን። ዘጠኝ ልጅ፣ ስድስት ጓንት። ሦስቱ በባዶ እጃቸው ቆሙ። አንዱ ልጅ የመጣለትን ኳስ ቀለበና ወዲያው ጣቱን ጠባ። ብዙዬ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጣ በእግሯ መሬት ትጭራለች። በኋላ ተራው ተቀየረ። የኛዎቹ ሊመቱ ገቡ፣ ጓንታቸውንም ከፊቴ ሣሩ ላይ ጣሉት። ሞጣዎች ሊቀልቡ ወጡ። የነሱም ዘጠኝ ልጅ ነው፣ የነሱም ስድስት ጓንት ነው፤ ሦስቱ ባዶ እጃቸውን ናቸው።

ሣሩ ላይ ያሉትን ጓንቶች አየሁ። ስድስት ጓንት ሥራ ፈትቶ ተኝቷል። ሜዳ ላይ ሦስት ባዶ እጅ አለ። የኛም ሁለት ምንጣፍ፣ የነሱም ሁለት ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሜዳው ያን ቀን ብቻ ሙሉ ሆኗል።

ለካስ ይህ ጨዋታ ተራ በተራ ነው። አንዱ ሲቀልብ ሌላው አይቀልብም። አንድ ቦርሳ ዕቃ ለሁለቱም ይበቃል። መካፈል ያልነበረበትን ነገር ነው የበለትኩት።

በቅርጫ ሕግ መደብ ያየው ሰው ያጠፋ እንደሆነ አንድ መንገድ ብቻ አለ። ራሱ ተነስቶ «አጥፍቻለሁ፣ ይደባለቅ» ይላል። ሁሉም እንደገና ይደባለቃል። ያ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ መደብ አያይም። ከእኔ በፊት መደብ ያዩ የነበሩት ሽማግሌ በዚህ ነው የወረዱት። ያወረድኳቸው እኔ ነኝ።

ብዙዬን አየኋት። ጀሪካኑን ከፍታ ለተጫዋቾቹ ውሃ ትቀዳለች። በግራ እጇ።

ተነስቼ ሜዳው መሃል ገባሁ። የሞጣው ወርዋሪ ኳሱን እንደያዘ ቆመ።

«ያካፈልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «አጥፍቻለሁ። ይደባለቅ።»

አያ ጫኔ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡ። «ፈርመናል እኮ» አሉ።

«የፈረምነው የሚጠይቅ ወገን የለም ብለን ነው። እኔ አሁን የምናገረው እንደ ወገን አይደለም፤ እንዳከፋፈለ ሰው ነው።»

ቆመው አሰቡ። ከዚያ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ፤ የተሸከሙትን ጆንያ ያወረዱ ይመስል። «ያንን እግር ብጠይቅ ብጠይቅ ስል ስንት ቀኔ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅህም?»

«አንቺስ ጓንቷን ለምን አልጠየቅሽም?»

አንተና አንቺ የሆንነው ያኔ ነው።

ጓንቱ ሁሉ መሃል ላይ ተከመረ። የእግር መከላከያው ከጓደኛው ተገናኘ። ብዙዬ ከጀሪካኑ ተነስታ ቆማለች፤ አትጠጋም፣ አትርቅም። የቀረችው ዶሮዋ ናት። ጫኔ «ከተነሳች ትተወዋለች፤ ስድስት ነፍስ ነው» አለኝ። የአገልግሌን ክዳን አቀረብኩለት። ጭዱን አዛወርን፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አዛወርን። ዶሮዋ ክዳኑን በዚህ በኩል አየች፣ በዚያ በኩል አየች። እኔ መደብ ሳይ እንደዚያ ነው የማየው። በመጨረሻ ገባችና አበጥ ብላ ተቀመጠች።

ጓንቷ ሙቅ ነበረች፣ ላባም ነበረባት። ብዙዬ ላባውን አራገፈችና በቀኝ እጇ አጠለቀቻት። ልክ ገባች። መምህር ደሳለኝ ጀሪካኑን ራሱ አነሳ።

ምን ልበላችሁ፣ ያ ጭልፊት ዕድለኛ ነበር። ልጅቷ በግራዋ ስትወረውር ኳሱ ያፏጫል። እየመራን መጨረሻው ላይ ደረስን። የሞጣ መቺ ኳሱን ወደ ሰማይ ላከው፤ ብዙዬ ሮጣ፣ ተንጋላ፣ ወድቃ ቀለበችው። ዳኛው የሞጣ መምህር ነው፤ ኳሱ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺው ይወጣልና «ወጥቷል» ብሎ እጁን አነሳ። የኛ ልጆች ጮኹ።

እኔ ግን አይቻለሁ። ኳሱ ጓንቷ ውስጥ ሳይገባ ሣሩን ነክቷል።

«መሬት ነክቷል» አልኩ፤ ሜዳው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። ዳኛው የኔን ዕድሜ አይቶ እጁን አወረደ። ሞጣዎች ሁለት ሯጭ አዙረው አስገቡ። አሸነፉን።

በመልሱ አውቶቡስ ማንም አላናገረኝም፣ ሹፌሩ ጭምር። ብዙዬ ጓንቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ታያለች። ጉንደ ወይን ስንደርስ ዘወር አለች።

«እምዬ፣ አልነካም ነበር።»

«ነክቷል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«መነጽርዎ የት ነው ያለ?»

ፊቴን ዳበስኩ። ኪሴን ዳበስኩ። መነጽሬ ሞጣ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከዶሮዋ በላይ መደርደሪያው ላይ ነው።

ብዙዬ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ ጓንቷን አፏ ላይ አድርጋ እስኪያፍናት ሳቀች። ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔ «ነክቷል» ማለቴን አልተውኩም፤ ዛሬም አልተውኩም። ቤት ስንገባ ግን መጥረጊያዋን አላነሳችም።

አሁን ዕቃው አንድ ወር ቢቸና፣ አንድ ወር ሞጣ ይቀመጣል። ለሚመጣው ቅርጫም መደብ የሚያይ ሌላ ሰው ፈልጉ ብያለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ጫኔ ደወለ።

«መነጽርሽ ደህና ነው» አለኝ። «ዶሮዋም ፈለፈለች። አምስት ጫጩት። ዶሮዋ የእኔ ናት፣ አገልግሉ ያንቺ ነው፤ መጥተሽ አካፍይ። አምስት ለሁለት እንዴት እንደሚሆን እኔ አላውቅበትም።»

«እኔ ከማካፈል ወርጃለሁ» አልኩት። «አታካፍላቸው። ካንድ እናት ሥር ይደጉ።»

«ይሁን። እንዲያ ይሻላል።»

ልዘጋው ስል አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ።

«ጫኔ፣ ስንት አልከኝ?»

«አምስት።»

«እኔ እጄን ሰድጄ ስቆጥር ስድስት ነበሩ። ያን ጊዜ መነጽሬን አድርጌያለሁ።»

በስልኩ ውስጥ ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ተሰማኝ።

ቅዳሜ ሞጣ ነኝ።